አምስት አሚኖ አሲዶች ትልቅን ፕሮቲን የሚማርኩት እንዴት ነው?

ጥያቄው፦ «የሞለኪውላር ባዮሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የማጠናው የቫይረስ ፕሮቲን ግማሽ አካሉ ቋሚ ቅርጽ የለውም። በኮምፒውተር ስፈልግ በዚያ ክፍል ውስጥ ኤል-ኤክስ-ሲ-ኤክስ-ኢ የሚባለውን ሞቲፍ አገኘሁ። ይህ ሞቲፍ አርቢ ከተባለው ካንሰር ተከላካይ ፕሮቲን ጋር እንደሚያያዝ አንብቤያለሁ። ቅርጽ የሌለው ነገር መርጦ የሚያያዘው እንዴት ነው? ከካንሰር ጋርስ የሚያገናኘው ምንድን ነው? ሞቲፉ መኖሩ ብቻ ይበቃል ወይስ ሌላ ማረጋገጫ ያስፈልገኛል?»

ምላሽ፦

የመጨረሻውን ጥያቄ ላስቀድም፤ ሞቲፉ መኖሩ አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በቁጥር ይታያል። ሞቲፉ ሉሲን (ኤል)፣ ሲስቴይን (ሲ) እና ግሉታሜት (ኢ) በመካከላቸው አንዳንድ ቦታ እየተዘለለ የሚደረደሩበት ነው። በሰው ፕሮቲኖች ውስጥ ሉሲን ከመቶ 10፣ ግሉታሜት 7፣ ሲስቴይን ደግሞ 2.3 ገደማ ድርሻ አላቸው። ሦስቱ በሚፈለገው ርቀት በአጋጣሚ የሚገጥሙበትን ዕድል ሲያባዙት ከ6,000 ቦታዎች በአንዱ ገደማ ይሆናል። የሰው ፕሮቲኖች በአንድ ላይ ቢደረደሩ 11 ሚሊዮን አሚኖ አሲድ ያህል ርዝመት አላቸው። ስለዚህ ይህ ቅደም ተከተል ያለ አንዳች ተግባር 1,800 ጊዜ ያህል ሊገኝ ይችላል። ኤስኤች3 የተባለው ዶሜይን (ዶሜይን ማለት ራሱን ችሎ የታጠፈ የፕሮቲን ክፍል ነው) የሚይዘውን፣ ሁለት ፕሮሊኖች በሁለት ቦታ ተራርቀው የሚቆሙበትን ሞቲፍ ቢፈልጉማ የአጋጣሚው ቁጥር ከ40,000 ይበልጣል። እርስዎ ያገኙት ግጥምጥሞሽ መነሻ ጥርጣሬ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ከብዙ ማጣሪያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ቅርጽ-አልባ ክፍል ማለት የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቱ በአንድ አቋም ሳይረጋ በብዙ አቋሞች መካከል በፍጥነት የሚቀያየርበት ክፍል ነው። እንዲህ የሚሆነው እንደ ቫሊን፣ አይሶሉሲንና ፌኒልአላኒን ያሉ ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች ስለሚያንሱበት፣ በምትኩ ቻርጅ ያላቸው አሚኖ አሲዶች፣ ሴሪንና ፕሮሊን ስለሚበዙበት ነው። ተጠቅልሎ እምብርት የሚሠራበት ነገር የለውም። ሞቲፉ በዚህ ሰንሰለት ላይ የተቀመጠ ከ3 እስከ 10 አሚኖ አሲድ የሚሆን አጭር ቁራጭ ሲሆን፣ የመያያዙን ሥራ በዋናነት የሚሠሩት ከእነዚህ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራቱ ናቸው። ኤክስ ተብለው የሚጻፉት ቦታዎች በብዙ ዓይነት አሚኖ አሲድ ሊሞሉ ይችላሉ።

ቅርጹ ያለው በሌላው ወገን ነው። ተቀባዩ ዶሜይን አስቀድሞ የተዘጋጀ ስርጉድ አለው፤ ሰንሰለቱ እዚያ ሲያርፍ ለዚያ ቦታ የሚስማማውን አቋም ይይዛል። በአንዱ ተቀባይ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ቤታ ሰንሰለት ይዘረጋል፤ በሌላው ላይ ወደ አልፋ ሄሊክስ ይጠመዘዛል። ለዚህ መረጋጋት የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ሰንሰለቱ የነበረውን የመንቀሳቀስ ነጻነት ያጣል፣ ያም ኤንትሮፒ ነው። ከግንኙነቱ ከሚገኘው ኃይል ላይ ይህ ዋጋ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሞቲፎች መርጠው የሚይዙ ቢሆኑም አጥብቀው የሚይዙ አይደሉም፤ የመለያያ ቋሚያቸው (ከተቀባዩ ግማሹ የሚያዝበት ክምችት፤ ሲያንስ መያያዙ ጠንካራ ነው) ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ ጥቂት መቶ ማይክሮሞላር ውስጥ ይወድቃል። በህዋስ ውስጥ ለሚተላለፍ መልእክት ይህ ልቅነት ጥቅም አለው፤ ግንኙነቱ ቶሎ ይፈጠራል፣ ቶሎም ይፈርሳል።

ከጥያቄዎ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ምሳሌ የማህጸን በር ካንሰር የሚያስከትለው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ስለሆነ ጉዳዩ ለእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በዓለም ደረጃ ከማህጸን በር ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉን የሚያስከትሉት ዓይነት 16 እና 18 ናቸው። የዓይነት 16 ኢ7 ፕሮቲን ጠቅላላ ርዝመቱ 98 አሚኖ አሲድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 40 ያህሉ ቅርጽ-አልባ ሲሆኑ የቀረው ዚንክ የያዘ ትንሽ የታጠፈ ዶሜይን ነው። ከ22 እስከ 26 ባለው ቦታ ላይ ሉሲን፣ ታይሮሲን፣ ሲስቴይን፣ ታይሮሲን፣ ግሉታሜት ተደርድረዋል። ሞቲፉ ይኸው ነው።

አርቢ በጤናማ ህዋስ ውስጥ ኢ2ኤፍ የተባሉትን የጂን አንቂዎች ይዞ ህዋሱ ያለ ጊዜው ዲኤንኤውን እንዳያባዛ ያደርጋል። ፓፒሎማ ቫይረስ ግን የራሱ የዲኤንኤ መገልበጫ ፖሊሜሬዝ የለውም፤ የህዋሱን መሣሪያ ይፈልጋል። መሣሪያው ደግሞ የሚገኘው ህዋሱ ለመከፋፈል ሲዘጋጅ ነው። ስለዚህ አርቢን ከመንገድ ማስወገድ አለበት። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው የክሪስታል ጥናት ከኢ7 የተወሰደ ባለ 9 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) በአርቢ ቢ-ክፍል ላይ ባለ ስርጉድ ውስጥ ተዘርግቶ መቀመጡን አሳየ። ሉሲኑ፣ ሲስቴይኑና ግሉታሜቱ ወደ ውስጥ ያያሉ፤ በመካከል ያሉት ሁለቱ ታይሮሲኖች ወደ ውጭ። ይህ ፔፕታይድ በ0.1 ማይክሮሞላር ገደማ ይያያዛል፤ ለአጭር ሞቲፍ ይህ እጅግ ጠንካራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኢ2ኤፍ የሚያርፈው በዚህ ስርጉድ ላይ ሳይሆን በአርቢ ኤ-ክፍልና ቢ-ክፍል መገናኛ ላይ ነው። ስለዚህ ሞቲፉ ብቻውን ኢ2ኤፍን ገፍቶ አያስወጣም። ሞቲፉ መልህቁን ይጥላል፤ የቀረውን ሥራ የኢ7 ሌሎች ክፍሎች ይጨርሱታል። ዚንክ የያዘው ዶሜይን ኢ2ኤፍን ለማላቀቅ ያግዛል፤ የዓይነት 16 ኢ7 ደግሞ በኩሊን 2 ላይ የተመሠረተውን የዩቢኩቲን ማሽን (በፕሮቲኖች ላይ የመፈጨት ምልክት የሚለጥፈውን) ጠርቶ አርቢ የህዋሱ ፕሮቲን ፈጪ በሆነው በፕሮቲያዞም እንዲፈጭ ያደርጋል። እርስዎም በእጅዎ ያለው ፕሮቲን ከአርቢ ጋር መያያዙን ቢያረጋግጡ «አርቢን ያሰናክላል» ለማለት ግን ገና ነዎት። ሁለቱን ለየብቻ መፈተን ግድ ነው።

ከሞቲፉ ግራና ቀኝ ያለው ሰፈርም ትልቅ ዋጋ አለው። ካንሰር እምብዛም የማያስከትለው ዓይነት 6 ኢ7 ይህንኑ ሞቲፍ ይዟል፤ ከአርቢ ጋር የሚያያዘው ግን በደከመ ጥንካሬ ነው። ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት ከሞቲፉ ቀድሞ ያለ አንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ በዓይነት 16 ላይ አስፓርቴት፣ በዓይነት 6 ላይ ግላይሲን። ከሞቲፉ በኋላ ደግሞ በ31 እና 32 ላይ ያሉት ሴሪኖች በሲኬ2 ካይኔዝ (ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) ፎስፌት ሲጨመርባቸው መያያዙ ይበረታል። ምክንያቱ የአርቢ ስርጉድ ዙሪያ በላይሲን የተሞላ መሆኑ ነው፤ አሉታዊ ቻርጅ ወደዚያ ይሳባል። ስለዚህ በእርስዎ ፕሮቲን ላይ ከሞቲፉ አጠገብ ላይሲን ወይም አርጂኒን ከተደረደረ ጥርጣሬዎን ያሳድጉ፤ አስፓርቴት፣ ግሉታሜትና ሴሪን ካሉበት ተስፋዎን።

ደካማ ሞቲፍ እንዴት ያሸንፋል ለሚለው ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ያለው በአዴኖቫይረስ ኢ1ኤ ፕሮቲን ላይ ነው። ኢ1ኤ ሁለት ሞቲፎች አሉት፤ አንዱ ኢ2ኤፍን አስመስሎ በኢ2ኤፍ ቦታ ላይ የሚቀመጥ፣ ሌላው የእርስዎ ኤል-ኤክስ-ሲ-ኤክስ-ኢ። መካከላቸው 70 ገደማ አሚኖ አሲድ የሆነ ልቅ ሰንሰለት አለ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሩቅ መሄድ ስለማይችል በዚያች ጠባብ ቦታ ያለው ክምችት 1 ሚሊሞላር አካባቢ እንደሆነ ይቆጠራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሁለቱን የመለያያ ቋሚዎች አባዝተው ለዚህ ክምችት ያካፍሉ። ለምሳሌ አንዱ 1 ማይክሮሞላር፣ ሌላው 0.1 ማይክሮሞላር ቢሆኑ ውጤቱ 0.1 ናኖሞላር፣ ማለትም 100 ፒኮሞላር ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ በቁጥር ይታያል። በላቦራቶሪም ኢ1ኤ በፒኮሞላር ደረጃ እንደሚያያዝ ተለክቷል። የሚገርመው ደግሞ የመካከለኛው ሰንሰለት ፊደላት ከአንዱ የአዴኖቫይረስ ዝርያ ወደ ሌላው እጅግ ይለያያሉ፤ ርዝመቱና የቻርጅ ስብጥሩ ግን እየተካካሱ ሁለቱን ሞቲፎች ተስማሚ ርቀት ላይ ያቆያሉ። የቅደም ተከተል ንጽጽር ብቻ ያየ ሰው «ይህ ክፍል አልተጠበቀም፣ ጥቅም የለውም» ብሎ ያልፈው ነበር።

ከካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና በደንብ የሚያሳየው ቤታ-ቲአርሲፒ የተባለው ተቀባይ ነው። ይህ ፕሮቲን የዩቢኩቲን ማሽን አካል ሲሆን የሚፈልገው ሞቲፍ አስፓርቴት፣ ሴሪን፣ ግላይሲን፣ ሁለት ማንኛውም አሚኖ አሲድ፣ ከዚያ ሴሪን ነው። ሁለቱም ሴሪኖች ፎስፌት ሊኖራቸው ይገባል። ህዋስ እንዲከፋፈል የሚያዘው ቤታ-ካተኒን ይህን ሞቲፍ ከ32 እስከ 37 ባለው ቅርጽ-አልባ ጫፉ ላይ ይዟል። በጤናማ ህዋስ ውስጥ ሲኬ1 የተባለው ካይኔዝ መጀመሪያ ሴሪን 45ን፣ ቀጥሎ ጂኤስኬ3 የተባለው ትሪዮኒን 41ን፣ ሴሪን 37ንና ሴሪን 33ን በፎስፌት ምልክት ያደርጋሉ፤ ቤታ-ቲአርሲፒ ይይዘዋል፤ ፕሮቲኑ ይፈጫል። በጉበት፣ በማህጸንና በአንጀት ካንሰሮች ውስጥ በቤታ-ካተኒን ጂን ኤክሶን 3 (ይህን ጫፍ በያዘው የጂኑ ክፍል) ላይ የሚገኙት ሚውቴሽኖች የሚከማቹት በእነዚሁ ጥቂት ፊደላት ላይ ነው። አንዲት ኑክሊዮታይድ ተለውጣ ሴሪን 33 ወደ ሌላ ከዞረች ሞቲፉ አበቃለት፤ ቤታ-ካተኒን ሳይፈጭ ይከማቻል፣ ህዋሱም ያለማቋረጥ እንዲከፋፈል ይታዘዛል።

አሁን ኤችአይቪን ይመልከቱ። የኤችአይቪ-1 ቪፒዩ ፕሮቲን በውስጥ ጭራው ላይ ይህንኑ ሞቲፍ ይዟል፤ ሴሪኖቹ 52 እና 56 ላይ ናቸው፤ ሲኬ2 ፎስፌት ይጨምርባቸዋል። ቪፒዩ በአንድ ወገኑ ቫይረሱ ወደ ህዋስ የሚገባበትን የገጽ ፕሮቲን ሲዲ4ን፣ በሌላው ቤታ-ቲአርሲፒን ይይዝና ሲዲ4 እንዲፈጭ ያደርጋል። አዲስ የተሠሩት የቫይረሱ የገጽ ፕሮቲኖች በሲዲ4 ተይዘው እንዳይቀሩ መንገድ ይከፍትላቸዋል። ተቀባዩ ቤታ-ቲአርሲፒ አንድ ነው፤ ቫይረሱ ሞቲፉን አገኘ፣ ዕጢው ሞቲፉን አጣ። ሁለቱም የተቻለው ለአጭር ሞቲፍ መፈጠርም ሆነ መጥፋት የጥቂት ኑክሊዮታይዶች ለውጥ ስለሚበቃ ነው። ፍጥነቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ የታጠፈ ዶሜይን ከባዶ መፍጠር ለትንሽ ጂኖም ከባድ ነው፤ በቅርጽ-አልባ ክፍል ላይ ግን ብዙ ፊደል ቢቀያየር የሚፈርስ እጥፋት የለም፤ ቫይረሱ እየሞከረ ይሄዳል።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ፦ ጠንካራ መያያዝ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ካንሰር ተከላካዩ ፒ53 እንዲፈጭ ከሚያደርገው ኤምዲኤም2 ጋር የሚያያዘው በፌኒልአላኒን 19፣ ትሪፕቶፋን 23 እና ሉሲን 26 ነው፤ ይህ ክፍል ሲያርፍ ሄሊክስ ይሠራል። 27ኛው ፕሮሊን ወደ አላኒን ሲቀየር ሰንሰለቱ ገና ሳይያያዝ የሄሊክስ ዝንባሌው ይጨምራል፤ የመያያዝ ጥንካሬውም 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ውጤቱ በህዋስ ውስጥ ጎጂ ነው፤ የፒ53 ዒላማ ጂኖች በሚገባ አይነቁም፣ የህዋስ ዑደትም እንደሚጠበቀው አይቆምም። የሞቲፉ ልቅነት በዝግመተ ለውጥ ተመጥኖ የተቀመጠ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። እስካሁን ጥሩ ውጤት የተገኘው ተቀባዩ ስርጉድ ጥልቅ በሆነበት ነው። ቬኔቶክላክስ የህዋስ ሞትን በሚያግደው ፕሮቲን በቢሲኤል-2 ላይ የቢኤች3 ሞቲፍን ቦታ በመያዝ የሚሠራ ሲሆን በ2016 እ.ኤ.አ. ለሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ በአሜሪካ ተፈቅዷል። የኤምዲኤም2 ስርጉድም ጥልቅ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የታወቁት ነትሊኖች የፒ53ን ሦስት አሚኖ አሲዶች አስመስለው ይሞሉታል። ነገር ግን ከዚህ ቤተሰብ የሆነው ኢዳሳነትሊን በአኪዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ ላይ በተደረገ ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ዕድሜ ማራዘሙን ማሳየት አልቻለም። የአርቢ ስርጉድ ጥልቀት የሌለው ከመሆኑም በላይ የሰውነታችን የራሱ ፕሮቲኖችም ይጠቀሙበታል። በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት ደግሞ ኤል1 ከተባለው የቫይረሱ ዛጎል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ቫይረሱ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ በተያዘ ህዋስ ውስጥ ኢ7 የሚሠራውን አያስቆምም።

ወደ እርስዎ ሞቲፍ እንመለስ። ገንዘብ ሳያወጡ በኮምፒውተር ብቻ የሚሠሩ ማጣሪያዎች አሉ።

መጀመሪያ ቦታውን ይጠይቁ። አርቢ የሚሠራው በኒውክለስ ውስጥ ነው። የእርስዎ ሞቲፍ ከሽፋኑ ውጭ በሚወጣ የቫይረስ ገጽ ፕሮቲን ክፍል ላይ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቀጥሎ ሰንሰለቱ መጋለጡን ያረጋግጡ፤ ቅርጽ-አልባነትን በሚተነብየው አይዩፕሬድ ውጤቱ ከ0.4 በላይ፣ የፕሮቲን ቅርጽን በሚተነብየው አልፋፎልድ የመተማመኛ ነጥቡ ከ50 በታች ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሞቲፉ በታጠፈ ዶሜይን እምብርት ውስጥ ከተቀበረ ሉሲኑና ሲስቴይኑ ቅርጹን ለመጠበቅ የተቀመጡ ናቸው፤ ለሌላ ፕሮቲን አይደርሱም። ከዚያ የዘመድ ቫይረሶችን ቅደም ተከተል ያስተያዩ። የሚፈልጉት ዙሪያው ሲለዋወጥ እነዚያ ሦስት ፊደላት ብቻ የጸኑበትን ሁኔታ ነው። አሰላላፊው ሶፍትዌር በቅርጽ-አልባ ክፍል ላይ ስለሚሳሳት፣ ሞቲፉ በአንዱ ዝርያ ላይ ጥቂት ቦታ ወደፊት ወይም ወደኋላ ተዛውሮ እንደሆነ በዓይንዎ ይፈልጉ። የአጫጭር ሞቲፎች የመረጃ ቋት የሆነው ኢኤልኤም የታወቁትን ምሳሌዎች ከነማስረጃቸው ይዟል፤ የእርስዎን ሰፈር ከእነሱ ጋር ያነጻጽሩት።

አልፋፎልድን ለጥንድ ፕሮቲኖች የሚጠቀሙ ከሆነ ሙሉውን የቫይረስ ፕሮቲን አያስገቡ፤ ሞቲፉን የያዘ ከ20 እስከ 40 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ከአርቢ ኤ እና ቢ ክፍሎች ጋር ይስጡት። ሙሉው ሰንሰለት ሲገባ ምልክቱ በልቅ ክፍሎች ይሰወራል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ለነጠላ ሚውቴሽን ደንታ ቢስ ነው፤ ዋናዎቹን ሦስት ፊደላት ወደ አላኒን ቀይረው ቢሰጡትም አንዳንዴ በዚያው ስርጉድ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን መነጻጸሪያ ሁልጊዜ አብረው ያስኪዱ፤ የተለወጠውም ያልተለወጠውም እኩል ነጥብ ካገኙ ሞዴሉን እንደ ማስረጃ አይጥቀሱት።

ወደ ላቦራቶሪ ሲገቡ የመጀመሪያው ወጪ ፔፕታይድ ነው። ሞቲፉን ከመካከል አድርገው ከየጎኑ 5 ወይም 6 አሚኖ አሲድ በመጨመር 16 ያህል ርዝመት ያለውን፣ ንጽህናው ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን ይዘዙ። የመጀመሪያው ጫፍ በአሴቲል፣ የመጨረሻው በአሚድ ይዘጋ፤ ያለዚያ በተፈጥሮ የሌለ ቻርጅ ስርጉዱ አጠገብ ይገባል። ለፒዲዜድ ዶሜይን የሚሆን ሞቲፍ ግን ከዚህ ይለያል፤ እዚያ የሚያያዘው ነጻው የመጨረሻ ካርቦክሲል ራሱ ስለሆነ ጫፉ ከተዘጋ መያያዙ ይጠፋል። የፓፒሎማ ቫይረስ ሌላ ፕሮቲን የሆነውን የኢ6ን ጭራ ለመፈተን የሚዘጋጁ ሰዎች በዚህ ምክንያት ባዶ ውጤት ያያሉ። ፎስፌት የሚያስፈልገው ሞቲፍ ከሆነ ፎስፌቱ ያለበትን ፔፕታይድ ይዘዙ፤ ሴሪንን በግሉታሜት መተካት ለቤታ-ቲአርሲፒና ለ14-3-3 (ፎስፌት ያለበትን ሞቲፍ ለሚይዝ ሌላ ተቀባይ) አይሠራም፤ ስርጉዶቹ የፎስፌቱን ሁለት አሉታዊ ቻርጆችና ቅርጹን ይጠይቃሉና።

ከዋናው ጋር ሦስት ሌሎች ፔፕታይዶች ያስፈልጋሉ፦ ሲስቴይኑ ወደ ግላይሲን የተለወጠበት፣ ያው አሚኖ አሲዶች ተበታትነው የተደረደሩበት፣ እና የኢ7 ፔፕታይድ እንደ አዎንታዊ መነጻጸሪያ። የኢ7ቱ 0.1 ማይክሮሞላር አካባቢ ካልሰጠዎት ችግሩ ያለው በአርቢ ዝግጅትዎ ላይ ነው፤ እሱን ሳያስተካክሉ ስለራስዎ ፔፕታይድ ምንም አይወስኑ።

ሲስቴይኑ ዋነኛው ጣጣ ነው። በአየር ኦክስጅን ሁለት ፔፕታይዶች በዳይሰልፋይድ ይጣመራሉ፣ መያያዙም ይዳከማል ወይም ይጠፋል። ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሞላር ቲሴፕ (ዳይሰልፋይድን የሚፈታ ኬሚካል) በበፈሩ (ፒኤች በሚጠብቀው ውህድ) ውስጥ ይኑር፤ የፔፕታይዱን ክምችት በትናንሽ መጠን ከፋፍለው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፤ ከሙከራው በፊት በማስ ስፔክትሮሜትሪ ይዩት። ተመሳሳዩ ዲቲቲ ለዚህ ሥራ ደካማ ምርጫ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይበላሻል፣ ሙሉ ኢ7ን የመሰለ ዚንክ ያለው ፕሮቲን ካለዎትም ዚንኩን ይይዝበታል። በዚያው ምክንያት ኢዲቲኤ አይጨምሩ። የደረቀው ፔፕታይድ ክብደት ውስጥ ትሪፍሎሮአሴቲክ አሲድና ውሃ አሉበት፤ በሚዛን ብቻ ክምችት ካሰሉ 20 እና 30 በመቶ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ታይሮሲን ወይም ትሪፕቶፋን ካለው በ280፣ ከሌለው በ205 ናኖሜትር ይለኩ። አሲዱ የበፈሩን ፒኤች ዝቅ ስለሚያደርግ ከሟሟ በኋላ ፒኤቹን እንደገና ይመልከቱ።

ለመጀመሪያ ልኬት ፍሎረሰንስ ፖላራይዜሽን (የሚያበራ ቀለም ያለው ፔፕታይድ ሲያያዝ መሽከርከሩ መዝገሙን የሚለካ ዘዴ) ርካሽና ፈጣን ነው። በመጀመሪያ ጫፉ ላይ ፍሎረሲን የተያያዘበት ፔፕታይድ 10 ናኖሞላር፣ የአርቢ ኤ እና ቢ ክፍሎች ከ50 ማይክሮሞላር ጀምሮ በግማሽ እየቀነሱ 16 ነጥቦች፤ በፈሩ 20 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ ፒኤች 7.5፣ 150 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ ቲሴፕ፣ 0.01 በመቶ ትዊን-20። በጥቁር ሳህን 30 ደቂቃ አቆይተው ያንብቡ። ምልክት የተደረገበት ፔፕታይድ ክምችት ከሚጠበቀው የመለያያ ቋሚ እጅግ ማነስ አለበት፤ ከበለጠ የሚለኩት የመያያዝ ጥንካሬውን ሳይሆን የፕሮቲንዎን መጠን ነው። ኩርባው ላይኛው ጫፍ ላይ ካልተኛ ከእሱ ቁጥር አያውጡ። ፍሎረሲኑ ራሱ ከፕሮቲኑ ጋር ሊጣበቅ ስለሚችል ምልክት በሌለው ፔፕታይድ ያስለቅቁት፤ የማይለቅ ከሆነ ያዩት ነገር የቀለሙ ሥራ ነው። ከዚያም ሁሉንም በ300 ሚሊሞላር ጨው ይድገሙ። መያያዙ ትንሽ ቢደክም የሚጠበቅ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ግን የያዘው ቻርጅ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ማረጋገጫው የመያያዝን ሙቀት በሚለካው አይሶተርማል ካሎሪሜትሪ ይሁን። በማሽኑ ዋና ክፍል 20 ማይክሮሞላር አርቢ፣ በመርፌው 220 ማይክሮሞላር ፔፕታይድ፣ በ25 ዲግሪ። አርቢውን ሌሊቱን በበፈር ዲያሊሲስ አድርገው ፔፕታይዱን በዚያው በተረፈው በፈር ያሟሙት፤ ትንሽ የበፈር ልዩነት የሚፈጥረው ሙቀት እውነተኛውን ምልክት ይውጠዋል። የመያያዙ ቁጥር ለአንድ አርቢ አንድ ፔፕታይድ ሊሆን ይገባል። 0.6 ከመጣ ከአርቢው ከፊሉ ተበላሽቷል፣ ወይም የአንዳቸው ክምችት የተለካው በስህተት ነው።

ፕሮቲኑን ጂኤስቲ ከተባለ መያዣ ፕሮቲን ጋር አጣብቆ በዶቃ ላይ ከነጓደኛው ማውጣት ለምስል ጥሩ ነው፤ ለጥንካሬ ልኬት ግን አያምኑት። ጂኤስቲ ራሱ ጥንድ ስለሚሆን፣ በዶቃው ላይም ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ደካማው ጠንካራ ይመስላል። ከህዋስ ውስጥ በፀረ እንግዳ አካል የሚደረገው ማውጣት በተቃራኒው ያታልላል። የመለያያ ቋሚው 1 ማይክሮሞላር የሆነ፣ በሰከንድ በሞላር 10 ሚሊዮን ፍጥነት የሚያያዝ ሞቲፍ በሰከንድ 10 ጊዜ ይለቃል፤ ግማሽ ዕድሜው 0.07 ሰከንድ ነው። እርስዎ ግን ዶቃውን ለደቂቃዎች ያጥባሉ። ስለዚህ በዌስተርን ብሎት ምስል ላይ ባንድ አለመታየቱ ግንኙነቱ የለም ማለት አይደለም። እንዲህ ላለው ቱርቦአይዲን የመሰለ በባዮቲን ጎረቤትን የሚያቀልም ዘዴ ይሻላል። የቫይረስ ፕሮቲንዎ አርጂኒንና ላይሲን የበዛበት ከሆነ ደግሞ የህዋሱን ጭማቂ በኑክሊዬዝ ያክሙ፤ ሁለቱንም ፕሮቲኖች አርኤንኤ አገናኝቷቸው እንደ ቀጥተኛ ግንኙነት የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሙሉ ፕሮቲንዎን ሲያነጹም ቅርጽ-አልባነቱ ሁለት ነገር ያመጣል። በጄል ላይ ከእውነተኛ ክብደቱ በላይ ይታያል፤ 11 ኪሎዳልተን የሆነው የዓይነት 16 ኢ7 ከ17 በላይ ይሮጣል፤ ስለዚህ ባንዱ ከፍ ብሎ ሲያዩ አይደንግጡ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ያረጋግጡ። ፕሮቲዬዞችም ቶሎ ይቆርጡታል፤ ሥራው በ4 ዲግሪ፣ በማገጃ መድኃኒትና በፍጥነት ይሁን።

በመጨረሻ ሚውቴሽኑን በሁለቱም ወገን ያድርጉ። በቫይረሱ በኩል ሲስቴይኑን ወደ ግላይሲን፤ በአርቢ በኩል ስርጉዱ ውስጥ ያለውን አስፓራጂን 757 ወደ ፌኒልአላኒን። የአርቢው ለውጥ ጠቃሚ የሚሆነው ስርጉዱን ዘግቶ የኢ2ኤፍን ቦታ ስለሚተው ነው። በህዋስ ውስጥ ሁለቱም ለውጦች ለየብቻ ያንኑ ውጤት ካጠፉ፣ ማለትም የኢ2ኤፍ ዒላማ የሆኑት እንደ ሳይክሊን ኢ ያሉት ጂኖች መንቃታቸው ከቀረ፣ ሞቲፉ ሥራ ላይ መሆኑን መጻፍ ይችላሉ። ይህንን ሲያደርጉ የቫይረሱን ፕሮቲን ከተፈጥሯዊ መጠኑ በላይ አያብዙት፤ በጠንካራ ፕሮሞተር ብዙ እጥፍ ሲመረት ደካማ የአጋጣሚ ሞቲፍም አርቢን ሊይዝ ይችላል። የተለወጠው ፕሮቲን መጠን ካልተለወጠው ጋር እኩል መሆኑንም በዌስተርን ብሎት አሳይተው ከውጤቱ ጎን ያስቀምጡት፤ ገምጋሚ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው።